ጋሽ ሻንካና ባለቀይ ቁጥሩ ማዞሪያ

ወይዘሮ አስካለች ስልክ ላይ ወሬ አያበዙም። ባለፈው ወር ደውለው፣ «ጋሽ ሻንካ አርፈዋል፤ ትናንት ጨንቻ ቀበርናቸው። እንድታውቀው ብዬ ነው» አሉኝ። አዳማ መናኸሪያ ውስጥ ሻንጣዬን ተሸክሜ ቆሜ ነበር። «ምን ሆነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሰው ምን ይሆናል? ሞቱ» አሉና ዘጉት። ጥቂት ቆይተው እንደገና ደወሉ። «አፈሩ ሲመለስ ዝናብ ጣለ። እኔ ሳቅኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ» አሉና አሁንም ዘጉት።

ለምን እንደሳቁ የገባኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ጋሽ ሻንካ በሕይወት ሳሉ ውሃ የያዘ ሰው በክፍላቸው ደጃፍ አያሳልፉም ነበር። ብርጭቆ ይዘህ ከገባህ፣ «ውሃና መብራት ባልና ሚስት አይደሉም!» ብለው ይጮሁብሃል። እኚህ ሰው በዝናብ መቀበራቸውን ሳስበው እኔም መናኸሪያው መሀል ሳቅ አመለጠኝ። ቀጥሎ ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የአውቶቡሱ ረዳት «ወንድም፣ ትሄዳለህ ወይስ አትሄድም?» እስኪለኝ ድረስ እዚያው ነበርኩ።

አርባ ምንጭ የደረስኩት ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ነው። የዲግሪ ወረቀቴ ቀለሙ ሳይደርቅ በኮምፒውተር መምህርነት አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። የደሴ ልጅ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ሙቀት የማውቀው ወባ ሲይዘኝ ብቻ ነበር። ርዕሰ መምህሩ የኮምፒውተር ክፍሉን ከፈተልኝና፣ «የሚሠሩትንና የማይሠሩትን ጋሽ ሻንካ ያሳዩሃል» ብሎ ሄደ። ክፍሉ ውስጥ ሰው አላየሁም። ከአንዱ ጠረጴዛ ሥር ግን ሁለት እግሮች ወጥተዋል።

«ጤና ይስጥልኝ» አልኩ ለእግሮቹ።

«ሽቦዋን እንዳትረግጥ» አሉኝ እግሮቹ።

ትውውቃችን ይኸው ነው። ሲወጡ አየኋቸው፤ ቀጭን፣ ፀጉራቸው ጨው በርበሬ የሆነ፣ አናጢ እርሳሱን እንደሚሰካ ካቻቢቴ ጆሯቸው ላይ የሰኩ ሰው ነበሩ። የሥራ መደባቸው የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ይላል። እውነተኛው ሥራቸው ግን ከፕላዝማ ጋር መጣላት ነበር። ያኔ በየክፍሉ ትልልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ፣ ከአዲስ አበባ በሳተላይት የሚያስተምር መምህር ነበር። መምህሩ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ልጆቹ ጥያቄውን ጽፈው ሳይጨርሱ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። ጋሽ ሻንካ ይህን በሰሙ ቁጥር ደማቸው ይፈላል። «ማን መለሰልህና ነው?» ይሉታል፣ መሰላል ላይ ቆመው፣ ፊት ለፊት። አንድ ቀን በትምህርቱ መሀል አጠፉትና ወደ ልጆቹ ዞረው፣ «ሳይሰማ የሚያመሰግን ሰው አይታመንም። በሉ፣ መልሱን እናንተ ንገሩኝ» አሏቸው። ለዚህች የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል። ማስጠንቀቂያውን በፍሬም አድርገው የሽቦ መደርደሪያቸው ላይ ሰቀሉት።

አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ነው። አማርኛቸው ፈጣንና የማይፈራ ነበር፤ ግን ወንድና ሴት አይለይም። ኮምፒውተር ትመጣለች፣ ሬዲዮ ትሄዳለች፤ አንዳንዴ ርዕሰ መምህሩም «ስብሰባ ገብታለች» ይባላል። መጀመሪያ ላይ እስቅ ነበር። ሁለተኛው ዓመት ላይ እኔም «ፕሪንተሯ ታማለች» ማለት ጀመርኩ።

ነገሩ የተጀመረው በካርቶን ነው። ከውጭ አገር በእርዳታ የመጣ ካርቶን ላቦራቶሪው ጥግ ተቀምጦ ኖሯል። ማይክሮስኮፕ ነው ብለን ተስፋ አድርገን ስንከፍተው አንድ አሮጌ የጌም ማሽን ወጣ። ከማሽኑ ጋር ሁለት በእጅ መዳፍ የሚያዙ ነገሮች ነበሩ። ፊታቸው ላይ ክብ ማዞሪያ፣ ጎናቸው ላይ አንድ ቀይ መጫኛ አላቸው። ማሽኑ የእኔ ታላቅ ወንድም ሳይወለድ የተሠራ ነው። ጋሽ ሻንካ ሰኩት፣ አዳመጡት፣ አሸተቱት። «ሞታለች» አሉ።

እኔ ደግሞ የተማረ ሰው መሆኔን ለማሳየት ሰበብ ስፈልግ የከረምኩ ነኝ። «ማሽኑ አያስፈልግም» አልኳቸው። «ኢሙሌተር የሚባል ፕሮግራም አለኝ። ኮምፒውተሩን የድሮው የጌም ማሽን እንዲመስል ያደርገዋል። የድሮ ጨዋታ ሁሉ ይጫወታል።»

«ኮምፒውተሯ እኔ ሌላ ነኝ ብላ ትዋሻለች ማለት ነው?»

«እንደዚያ ይበሉት።»

አሰቡበት። «እሷ ትዋሽ ግድ የለም» አሉ በመጨረሻ፤ «እጇ ግን እውነተኛ መሆን አለበት።»

ያኔ ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባኝም። ፍላሼ ላይ ከነበሩት ጨዋታዎች አንዱን ከፈትኩላቸው። ከላይ በየቀለሙ የተደረደሩ ጡቦች አሉ። ከታች ግራና ቀኝ የምትንሸራተት አጭር መስመር አለች። በመካከል ኳስ ትነጥራለች። ኳሷን በመስመሯ እየመለስክ ጡቡን ታፈርሳለህ፤ ካመለጠችህ አለቀልህ። በኪቦርድ ተጫወትኩላቸው። መስመሯ ወይ ትዘገያለች ወይ አልፋ ትሄዳለች። «ይሄ ጨዋታ አይደለም፣ በር ማንኳኳት ነው» አሉኝ። «ይህቺ የተሠራችው ለእጅ አንጓ ነው፣ ለጣት አይደለም።» ያቺን ባለማዞሪያ ነገር አንስተው ፈቷት። ሆዷ ዝጎ አልቋል። ሆዷ ውስጥ የነበረው ዕቃ ግን ለእሳቸው አዲስ አልነበረም፤ የሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ሆድ ውስጥ ያለው ነው።

ትምህርት በሬዲዮ በሚሰጥበት ዘመን የነበሩ ሬዲዮኖች ንብረት ክፍል ውስጥ ተደርድረው ነበር። ፕላዝማው ከመጣ ወዲህ ማንም አልነካቸውም። ጋሽ ሻንካ ማንንም ሳይጠይቁ ከአንዱ ላይ ማዞሪያውን ከነሆዱ ነቅለው አመጡ። ከኮምፒውተሮቹ ሁሉ አሮጌዋ ጀርባዋ ላይ ሰፊ የጌም መሰኪያ ነበራት። በዚያችው ባለ ቀይ መጫኛ ዕቃ ሆድ ውስጥ ገጠሙት፤ አራት ሽቦ በየዱ፣ ሰኩ። ማዞሪያውን ሲያዞሩ መስመሯ ታዘዘች።

ታዘዘች ስል በራሷ መንገድ ነው። ግራ በኩል እንደ ሽማግሌ ትጎተታለች፤ ቀኝ በኩል ስትደርስ እንደ ፌንጣ ትዘላለች። «ይሄ ሎጋሪዝም ነው» አልኩ በኩራት። «የድምፅ ማዞሪያ እኩል አይጨምርም። ሌላ ዓይነት ነው የሚያስፈልገን።»

«አውቃለሁ» አሉኝ፣ ካቻቢቴውን ወደ ጆሯቸው እየመለሱ። «ለጆሮ የተሠራች ናት። ዓይን ይለምዳታል።»

ቀጥለው ከሞተ ማውስ ሌላ ሠሩ። ሆዱ ውስጥ ኳስ ያለው የድሮው ዓይነት ማውስ ነው። ውስጡ የሚሽከረከረውን ዘንግ አውጥተው ክብ እጀታ ሰኩበት። ይሄኛው ማቆሚያ የለውም፤ ዓመት ሙሉ ብታዞረው ይዞራል። የመኪና ጨዋታ እንጫወትበት ነበር። ጋሽ ሻንካ ከእነዚህ ሁለት ዕቃዎች ተነሥተው የሰውን ልጅ በሙሉ ከፋፈሉት። ዳር ያለው ሰው አለ፣ ዳር የሌለው ሰው አለ። ርዕሰ መምህሩ ዳር የሌለው ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ይዞራል፣ የትም አይደርስም። ወይዘሮ አስካለች ባለ ዳር ናቸው፤ «እስከዚህ ናት፣ ከዚህ አታልፍም፤ ብታስገድዳት ትሰበራለች እንጂ።» እኔስ ብዬ ብጠይቃቸው ከእግር እስከ ራሴ አይተውኝ፣ «አንተ ገና አልተገጠምክም» አሉኝ።

ወይዘሮ አስካለች የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። እዚያው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ተወልደው ያደጉ፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው የማይወርድ፣ እስክሪብቶ ያለ ፊርማ የማያውሱ ሴት። ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ሳይቆረጥ ዕቃ ወደ ክፍላቸው አይገባም፤ ሞዴል ሃያ ሁለት ሳይፈረም አይወጣም። ከመጣሁ ጀምሮ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ባላቸው የሞቱት እኔ ከመምጣቴ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው። ከዚያ ወዲህ ምሳቸውን ንብረት ክፍል ውስጥ በር ዘግተው ብቻቸውን ይበሉ ነበር።

አንድ ቀን የምሳ ሰዓት ላይ መዝገባቸውን ይዘው ኮምፒውተር ክፍሉ ገቡ። እንደ እኛው ጨዋታው የለመደባቸው የስፖርቱና የባዮሎጂው መምህር ተራ እየጠበቁ ሲከራከሩ ነበር።

«ሬዲዮ ቁጥር ሰባት ማዞሪያ የለውም» አሉ ወይዘሮ አስካለች።

የስፖርቱ መምህር ዓይን ከዳን፤ ወደ ጠረጴዛው አየ። ማዞሪያው ጫፍ ላይ በቀይ ቀለም «7» ተጽፏል፤ የጻፉት ራሳቸው ወይዘሮ አስካለች ናቸው። ጋሽ ሻንካ ግን አልደነገጡም። ወንበር ሳቡላቸው። «ቁጥሯ የአንቺ መሆኑን ቀርበሽ አረጋግጪ» አሏቸው።

ተቀመጡ። ቁጥሩን ለማንበብ ማዞሪያውን ያዙ። በዚህ ጊዜ ጋሽ ሻንካ ቀዩን መጫኛ ጫኑት፤ ኳሷ ወደ ታች መጣች። ሰው ኳስ ሲመጣበት ዝም አይልም። ወይዘሮ አስካለች አዞሩ። ኳሷ ተመለሰች፣ አንድ ጡብ ፈረሰ። «ውይ!» አሉ። ደግመው አዞሩ። የምሳ ሰዓት እስኪያልቅ ከዚያ ወንበር አልተነሡም። ሲነሡ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ይህ ዕቃ ከቦታው ውጪ ነው። ይመለስ» አሉ።

«እሺ» አሉ ጋሽ ሻንካ።

«ነገ መጥቼ አጣራለሁ።»

በማግስቱ ስድስት ከአርባ አምስት ላይ መጥተው አጣሩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከበዓልና ከጾም ስግደት በቀር፣ በየቀኑ ስድስት ከአርባ አምስት ላይ እየመጡ ሲያጣሩ ኖሩ። በየቀኑም ሲነሡ «ይመለስ» ይላሉ፤ ጋሽ ሻንካ በየቀኑ «እሺ» ይላሉ። ያ ማዞሪያ እንደ እሳቸው የተገራለት ሰው አልነበረም። ግራ ላይ የሚጎተተውን ቀድመው ያዞራሉ፤ ቀኝ ላይ የሚዘለውን በፀጉር ውፍረት ያህል ይነኩታል። የስፖርቱ መምህር ያን ሁሉ ጡንቻ ይዞ ግማሽ ነጥባቸውን አያመጣም። ነጥቡ ኮምፒውተሯ ስትዘጋ አብሮ ስለሚጠፋ ጥቁር ሰሌዳው ጥግ በጠመኔ እንጽፈው ነበር፤ ከላይ ሁልጊዜ «አስካለች» ይላል። ኳሷ ከጡቡ ጀርባ ገብታ ብቻዋን ማፍረስ ስትጀምር ደግሞ ይስቁ ነበር። እንደ ልጅ ነበር የሚስቁት፣ አፋቸውን በነጠላ ሳይሸፍኑ። ጋሽ ሻንካ ያን ጊዜ ጨዋታውን አያዩም፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ሽቦ የሚፈልጉ ይመስላሉ።

በጨዋታ ተራ ጠብ ሲነሣ የሚያስታርቁትም ጋሽ ሻንካ ናቸው። የስፖርቱና የባዮሎጂው መምህር አንዴ አንገት ለአንገት ሲያያዙ፣ ጋሽ ሻንካ ወጥተው ከግቢው እርጥብ ሣር ነጭተው ተመለሱና በመካከላቸው ቆሙ። በጋሞ ሽማግሌ ሣር ይዞ ከለመነህ ጠብህን ትተዋለህ፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። ሁለቱም እጃቸውን ሰበሰቡ። «ለጌም ሣር ተያዘ» ብሎ ከተማው እንዳይስቅብን ለማንም ላለመናገር ተስማማን።

እንዲህ ሆነን ሦስት ዓመት አለፈና የጋሽ ሻንካ ጡረታ ደረሰ። ሐሳባቸው ሁሉ ጨንቻ ነበር። ባለቤታቸው ቀድመው ወደ ደጋው ቤታቸው ወጥተዋል፤ የፖም ችግኞች ተገዝተው ጉድጓድ ተቆፍሮላቸዋል። ክረምቱ ሳያልፍ መተከል አለባቸው። ጋሽ ሻንካ ያለ ክሊራንስ ጡረታ አይወጡም፣ ሳይወጡም አይተክሉም። የክሊራንሱ ወረቀት አሥራ አንድ ፊርማ ይፈልጋል። ከቤተ መጻሕፍት እስከ መምህራን ክበብ አሥሩ በሁለት ቀን ተፈረመ። አሥራ አንደኛው የወይዘሮ አስካለች ነው።

ወይዘሮ አስካለች መዝገባቸውን ገለጡ። በሬዲዮኑ ዘመን ሬዲዮኖቹን ፈርመው የተረከቡት ጋሽ ሻንካ ነበሩ። «ሬዲዮ ቁጥር ሰባት፣ ከነማዞሪያው» የሚለው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ማዞሪያውን ይመልሱና እፈርማለሁ» አሉ። ሰኔ ተጋምሷል፤ ሰኔ ሠላሳ መዝገቡ ይዘጋል። ያኔ ካልተፈረመ እስከሚቀጥለው ቆጠራ፣ ክረምቱ አልፎ እስከ መስከረም ይጠበቃል።

እኛ ብልሃት አላጣንም። ሲቀላ ወርደን አዲስ ማዞሪያ ገዛንና ሬዲዮው ላይ ልንገጥመው አሰብን። ወይዘሮ አስካለች ገልብጠው አዩት። «ሰባት የለበትም» አሉ። የስፖርቱ መምህር «እኛ እንጽፍበታለን» ቢል፣ «በማን ቀለም? በማን እጅ?» ብለው አፈጠጡበት፤ መምህሩ አንድ ሳምንት በዚያ በኩል አላለፈም።

እንግዲያው አዲሱን ለጨዋታው እናድርገውና ሰባትን እንመልስ ተባለ። ጋሽ ሻንካ እየከበዳቸው በየዱት። አዲሱ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነው፤ ግራም ቀኝም እኩል ይሄዳል። እኔ ተደሰትኩ። ስድስት ከአርባ አምስት ላይ ወይዘሮ አስካለች መጥተው ተቀመጡ። ግራ ላይ እንደለመዱት ቀድመው አዞሩ፤ መስመሯ አልፋ ሄደች። ኳሷ ወደቀች። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም። አንድ ደቂቃ አልሞላም።

«ተበላሽቷል» አሉ።

«አዲስ ነው እኮ» አልኳቸው።

«አዲስ መሆኑ ነው የተበላሸው።» ተነሥተው ወጡ። «ይመለስ» እንኳን አላሉም። የንብረት ክፍሉ በር ሲዘጋ ከዚያ ድረስ ተሰማን። በማግስቱ አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን አልመጡም።

ጋሽ ሻንካ አዲሱን ነቅለው ሰባትን መልሰው በየዱት። «ይህቺ ከዚህ አትወጣም» አሉኝ።

ተናደድኩባቸው። «ጋሽ ሻንካ፣ ጌም እኮ ነው! ለአንዲት የጌም ማዞሪያ ብለው ክረምቱ ሊያልፍብዎ? ችግኞቹ ይደርቃሉ!»

ካቻቢቴያቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ካቻቢቴ ከጆሯቸው ሲያወርዱ ነገሩ ከባድ ነው። «ስማ። እኔ ፖም ሌላ ዓመት እተክላለሁ። እሷ ግን ሌላ የምትስቅበት ቦታ የላትም። አይተሃታል? እኔ አይቻታለሁ። ይህንን ብትነግራት ግን ከጨንቻ ወርጄም ቢሆን በዚህ እወጋሃለሁ።»

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ወይዘሮ አስካለች ማዞሪያው ካልመጣ አይፈርሙም፤ ጋሽ ሻንካ ለወይዘሮ አስካለች ብለው ማዞሪያውን አይሰጡም። ወይዘሮ አስካለች ይህን አያውቁም። የማውቀው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ልወጋ ነው።

መምህራኑ ተሰበሰቡና ከግቢው ሣር ነጭተው ወደ ንብረት ክፍል ሄዱ። የስፖርቱና የባዮሎጂው መምህር ጎን ለጎን ከፊት ነበሩ። ወይዘሮ አስካለች ሣሩን ሲያዩ ብድግ አሉ፤ ወጉን ያውቁታል፣ ያከብሩታልም። በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። «ቂም የለኝም» አሉ። «ቢኖረኝም ለዚህ ሣር ስል ትቼዋለሁ። ግን ሣሩ ቂም ለመተው ነው የሚበቃው። ሬዲዮ ለመረከብ ማዞሪያ ያስፈልጋል።» መምህራኑ ተመልሰው ወጡ። ሣሩ ቢሮው ውስጥ፣ ሞዴል ሃያ ሁለት ጥራዝ ላይ ቀረ።

ሰኔ ሃያ ዘጠኝ ከሰዓት በኋላ የኮምፒውተሮቹን ቆጠራ ላስፈርም ወይዘሮ አስካለች ጋ ገባሁ። የጋሽ ሻንካ ክሊራንስ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። ጠርዙ አልቋል፤ እያወጡ ሲመልሱት እንደከረሙ ያስታውቃል።

«ሰውየው ምን ሆነው ነው?» አሉኝ። ድምፃቸው የንብረት ክፍል ድምፅ አልነበረም። «እኔ ክፉ መሆን ፈልጌ መሰላቸው? በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዬ ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ፈርሜ አላውቅም። አንዲት ማዞሪያ! ነቅለው ቢሰጡኝ ነገ ቤታቸው ይገባሉ። ለምንድን ነው እንዲህ የሚጨክኑብኝ?»

ልወጋ ቆርጬ ተናገርኩ። «ለእርስዎ ብለው ነው» አልኳቸው። «በአዲሱ ማዞሪያ መጫወት አቃተዎት፤ መምጣትም ተዉ። እዚያ ወንበር ላይ ሲስቁ ያዩዎታል። እሱ እንዳይቀርብዎ ብለው ነው።»

ወይዘሮ አስካለች በነጠላቸው ጫፍ ጠረጴዛውን መጥረግ ጀመሩ፤ ጠረጴዛው ላይ አቧራ አልነበረም። ብዙ ጠረጉ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ክሊራንሱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ሬዲዮ ቁጥር ሰባት፣ ከነማዞሪያው» ከሚለው አጠገብ «ተሟልቶ ገቢ ሆኗል» ብለው በዚያ በተቃና እጃቸው ጻፉ። ፈረሙ። ማኅተሙን ቀለም አስነክተው ሁለት ጊዜ መቱት፤ አንዴ ይበቃ ነበር። እኔ ሰው ሲሰርቅ ያየሁ ያህል ደነገጥኩ።

«ምን ታያለህ? ውሰድላቸው» አሉኝ።

ጋሽ ሻንካ ወረቀቱን ቆመው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ደስ ይላቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ፊታቸው ግን ጠቆረ። «ነገርካት» አሉኝ። አልወጉኝም። «አስካለች ውሸት ፈረመች? ለእኔ?» አሉና ካቻቢቴውን አወረዱ። መጫወቻውን ገለበጡት፣ ሆዱን ከፈቱት፣ አራቱን ሽቦ በጥሰው ሰባትን ነቀሏት። ሦስት ዓመት የሠራ ነገር ለመፍረስ ሦስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ማዞሪያዋንና ወረቀቱን በእጃቸው ጨብጠው በጓሮው በኩል ሲሮጡ ተከተልኳቸው። ጋሽ ሻንካ ሲሮጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማዞሪያዋን ወይዘሮ አስካለች ፊት፣ መዝገቡ ላይ አኖሯት። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «እንቺ። ስምሽ በውሸት ላይ ተቀምጦ እኔ ፖም አልተክልም።»

ወይዘሮ አስካለች ማዞሪያዋን አዩ፣ ጋሽ ሻንካን አዩ። ከዚያ ማንንም የማያውቀውን የንብረት ክፍል ፊታቸውን አደረጉ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ማዞሪያ ናታ!»

«የምን ማዞሪያ?»

«የሬዲዮዋ! የቁጥር ሰባት!»

«የሬዲዮ ቁጥር ሰባት ማዞሪያ ገቢ ሆኗል» አሉ፣ ጋሽ ሻንካ በእጃቸው የያዙትን ክሊራንስ በእስክሪብቶ እየጠቆሙ። «ተጽፏል፣ ተፈርሟል፣ ማኅተም አለበት። አንድ ሬዲዮ ሁለት ማዞሪያ አይኖረውም።»

«ታዲያ ይህቺስ?»

«ይህ ትርፍ ዕቃ ነው። ለትርፍ ዕቃ ሞዴል የለኝም፤ ያለ ሞዴል ደግሞ ዕቃ አልረከብም። ከጠረጴዛዬ ላይ ያንሱልኝ።»

ጋሽ ሻንካ አንዴ ማዞሪያዋን አንዴ ወይዘሮ አስካለችን ያያሉ። ከዚያ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ሊደብቁትም አልሞከሩም። ማዞሪያዋን እንደ እንቁላል በሁለት እጃቸው አነሷት። እኔ በር ላይ ቆሜ፣ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ፍቅር አይቼ እንደማላውቅ ተሰማኝ። የተባለው ነገር ሁሉ ስለ ሞዴል ነበር።

የኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ጋሽ ሻንካ አራቱን ሽቦ እንደገና ሲበይዱ ወይዘሮ አስካለች ከጀርባቸው ቆመው ጠበቁ። ገና ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። ንብረት ክፍሉን ቆልፈው ነው የመጡት፤ ቁልፉ በእጃቸው ነበር። ሥራው አልቆ ወንበሩ ሲሳብላቸው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ፣ ማዞሪያውን ያዙ። ጋሽ ሻንካ ቀዩን ጫኑት። ኳሷ መጣች፤ ግን ወይዘሮ አስካለች ዓይናቸውን ሲጠርጉ ዘገዩ፣ መስመሯ ሳትደርስ ኳሷ በግራ በኩል ወደቀች።

ጋሽ ሻንካ ወደ እኔ አላዩም። ወደ ሰሌዳውም አላዩም።

«እሷ አትቆጠርም» አሉ። «እንደገና ጀምሪ።»